ከማሽላው ጉድጓድ የወጡ ደብዳቤዎች

"ገና ነው?"

"ሠላሳ ስምንት በመቶ ደርሷል፣ ጋሼ።"

"ቅድምም ሠላሳ ስምንት ነበር እኮ።"

"ቅድም ሠላሳ ሰባት ነበር" አለች ሳምራዊት፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። "እባክዎ ጠረጴዛውን አይደገፉት። ዲስኩ ይንቀጠቀጣል።"

አብዱልሀኪም ክርኑን አነሳ። ጠረጴዛው ሲጢጥ ብሎ ተነፈሰ። ይህ ሰው ከደብረ ሲና ግርጌ እስከ ኮምቦልቻ ባለው አስፋልት ላይ ጎማውን ያልፈታለት መኪና የለም፤ ካለም በአየር የሚሄድ ነው። የሲኖትራክ ጎማ በአንድ እጁ እንደ አምባሻ ያገላብጣል። ክሪክ የጠፋ ዕለት ተሳቢ በትከሻው ቀና አድርጎ ይዞ ያውቃል። ይህን ሁሉ የሚናገረው ራሱ ነውና የተጠራጠረ ሰው ሱቁ ድረስ ሄዶ ሊጠይቀው ይችላል፤ ሲመለስ ግን መሽቶበት ነው። እንዲህ ያለው ጎሚስታ ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሱቁን ዘግቶ፣ በሳምራዊት የኮምፒውተር ጥገና ቤት፣ ከመዳፉ በማይበልጥ ቁራጭ ብረት ፊት ተጎልቶ ነበር።

ብረቱ የሚስቱ የራቢዓ ሀርድ ዲስክ ነው። ትናንት ከሰዓት ለሳምራዊት አስረክባ "አሮጌ ኢሜይሎቼንና የሰዎቹን አድራሻ አውጪልኝ፤ ነገ አሥር ሰዓት እመጣለሁ" ብላታለች። ለአብዱልሀኪምም እራት ላይ ነግራዋለች። እሷ የነገረችው እንደ ቀላል ነገር ነው፤ እሱ ግን ያነሳውን ጉርሻ ወደ ትሪው መልሶ ነበር የሰማት። ጠዋት እዚህ ሲደርስ "ራቢዓ ናት የላከችኝ፣ ቀድመህ እይልኝ ብላኝ ነው" ብሎ ዋሸ።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ ጦርነቱ ሸዋሮቢት በደረሰበት በዚያ የሽሽት ኅዳር። ከተማው ባንድ ቀን ሲነቀል አብዱልሀኪም ሁለቱን ልጆች ይዞ በአንድ ደንበኛው መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ወጣ። ራቢዓ እናቷን ላምጣ ብላ ከጀውሃ ወደ ቆላው ገባ ወዳለችው መንደራቸው ሄደች። ሲመለሱ ቤቱ ባዶ ነበር። ቴሌቪዥኑ የለም፤ የኮምፒውተሩ ቀፎ የለም፤ በኒካሁ ቀን የሰጣት ወርቅ ከነሳጥኑ የለም።

"ወርቁን አልያዝሽውም?" አላት።

"አልያዝኩትም።"

ነፍሷ ከተረፈች ብሎ ዝም አለ። ዝም አለ ማለት በእሱ አቆጣጠር ነው፤ ወርቁ የበግ አንገት የሚያጎብጥ ነበር እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ስድስት ወር አወራ።

ባለፈው ሐሙስ ታዲያ የራቢዓ እናት "ጉድጓዱ ይከፈት" አሉ። በዚያ ቆላ ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ አፉ ተመርጎ ዓመታት ይከርማል። አንዴ ከተከፈተ ግን አየር ይገባበታልና እህሉ ወጥቶ መበላት ወይም መሸጥ አለበት። ለአንድ ዕቃ ብሎ ጉድጓድ የሚከፍት ቆለኛ እስካሁን አልተወለደም። አብዱልሀኪም ለጉልበቱ ተጠርቶ ሄደ። አፉን ከፈቱት፤ የታመቀው ትንፋሽ ሰው ይገድላልና ግማሽ ቀን አስተነፈሱት፤ ከዚያ እሱ በገመድ ወረደ። ከማሽላው መሀል፣ በሰባት ፌስታል ተጠቅልሎ የወተት ጣሳ ውስጥ የታሸገ ነገር እጁ ገባ። ወርቁ መሰለው። ልቡ እንደ አሮጌ ባጃጅ ተንደቀደቀ።

"የኔ ነው፣ አቀብለኝ" አለች ራቢዓ ከላይ። ፈታችው። ሀርድ ዲስክ።

ወርቋን ቤት ትታ ይህን ከኮምፒውተሩ ነቅላ ሸሽታለች፤ እናቷ ጋ ደርሳም እህል እየገባበት በነበረው ጉድጓድ ቀብራዋለች። ከዚያም ጉድጓዱ በጊዜው እስኪከፈት ሦስት ዓመት አፏን ዘግታ ጠብቃለች። አብዱልሀኪም ከሐሙስ ጀምሮ ሆዱ ውስጥ አንድ ሚስማር ይዞ ይዞራል። ጎማ ቢሆን ኖሮ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ አረፋ የሚያወጣበትን አይቶ፣ በአምስት ደቂቃ ያወጣው ነበር።

ራቢዓ ከሽሽቱ በፊት ለአራት ዓመት የአንድ ማሾ ሰብሳቢ ድርጅት ጸሐፊ ነበረች። ድርጅቱ ሲዘጋ በመጨረሻ ደመወዟ ፈንታ አሮጌውን ኮምፒውተር ሰጧት። አሁን አርባ ሴት ገበሬዎችን ይዛ የማሾ ማኅበር አቋቁማለች። ምርቱ ተወቅቶ ከረጢት ገብቷል። ነገ ጠዋት ደግሞ ደላላው የራሱን ሚዛንና የራሱን ዋጋ ይዞ ይመጣል። ከደላላው የሚያወጣቸው አንድ ሰው ብቻ ነው ትላለች፤ አዳማ ላይ ለላኪ ድርጅት የሚገዛው የድሮ ደንበኛዋ። ስልኩ ተቀይሯል። አድራሻው ያለው እዚህ ብረት ውስጥ ነው።

ሰውየው ሱፍዋን ይባላል። ራቢዓ እራት ላይ ስሙን ስትጠራ ፈገግ ብላለች። አብዱልሀኪም ያቺን ፈገግታ በልቡ መዝኗታል፤ ከአንድ ኩንታል አታንስም።

"ወጣ" አለች ሳምራዊት፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ። "ጎሽ የኔ አሮጌ። ማሽላ ውስጥ ሦስት ዓመት ከርሞ መነሳቱ የሚገርም ነው። ሁለት መቶ ስድስት አድራሻ አለ።"

"ከማን ጋር ነው ብዙ የተጻጻፈችው?"

ሳምራዊት ወደ ታች ወረደች። "ሱፍዋን ከሚባል ሰው ጋር። አራት መቶ አሥራ ሁለት ደብዳቤ።"

አብዱልሀኪም ሸዋሮቢት በሙቀቷ ያላወጣችበትን ላብ አሁን አላበው። "አራት መቶ አሥራ ሁለት።"

"በአራት ዓመት እኮ ነው። ሥራ ነዋ ጋሼ።"

"እኔ ስንት ደብዳቤ እንደጻፍኩላት ታውቂያለሽ?"

"ስንት?"

"አንድ። እሱንም በሾፌር እጅ። 'ክሪኩን ላኪ' የሚል። ክፈቺው እስቲ።"

"የሰው ደብዳቤ ነው፣ ጋሼ።"

"የሰው? ባሏ እኮ ነኝ። ደግሞም ልካኛለች አልኩሽ።"

ሳምራዊት ፊቱን አየችው፤ አመነታች፤ ከፈተችው። አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ነበር። አብዱልሀኪም ታርጋና የጎማ ቁጥር ሲያነብ ሃያ ዓመት ኖሯልና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ ገባበት። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደብዳቤዎች ስለ ከረጢት፣ ስለ ነቀዝ፣ ስለ ጭነት ነበሩ። ትንሽ ተነፈሰ። አሥራ አንደኛው ላይ ሱፍዋን እንዲህ ይላል፦

"የእኛ ማሽን ማሾው እርጥብ ነው አለ፤ አንቺ ደርቋል ብለሽ ነበር። ማሽኑን አስጠግነን ስንለካው ያንቺው ትክክል ሆነ። ከዛሬ ጀምሮ የማምነው ያንቺን ጥርስ ነው።"

"ጥርሷን የት አየው?" አለ አብዱልሀኪም።

"ማሾ በጥርስ ተነክሶ አይደል የሚፈተነው? እናቴም ትነክሳለች።"

"ማሾ እንዴት እንደሚፈተን ለእኔ ልትነግሪኝ ነው?"

ያውቃል። ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ዝም ካለ እርጥብ ነው። ራቢዓ ቤት ውስጥ ስትነክስ አሥራ ሰባት ዓመት ሰምቷል፤ "አይጥ ገባ እንዴ?" ይላትም ነበር። ያንን ጥርስ ታዲያ አዳማ የተቀመጠ ሰው ከማሽን አስበልጦ ሲያደንቀው ኖሯል። እሱ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ስለ ጥርሷ ያለው ነገር ቢኖር ይኸው አይጧ ናት።

"ቀጥዪ።"

ሱፍዋን በሌላኛው ላይ "መቶ ኩንታል ውስጥ አንድ ጠጠር አገኘሁ" ብሎ ከስሷል። ራቢዓ መለሰች፦ "ጠጠር አይደለችም፣ የሸዋሮቢት ተወላጅ ናት። አዳማን አይታ ስለማታውቅ ነው የመጣችው። አስጎብኝተህ መልስልኝ።"

አብዱልሀኪም ሳቀ። ሳቁ ሳያስፈቅደው ነበር የወጣው፤ ወዲያው አፉን ዘጋበት። ይህቺ ሴት ማን ናት? እሱ የሚያውቃት ራቢዓ ሳሙና አልቋል፣ የልጁ ጫማ ተቀዷል፣ እራት ቀርቧል የምትለው ናት። ይህቺኛዋ ትቀልዳለች፤ ታዛለች፤ "በዚህ ዋጋ ከሆነ ማሾውን ለዶሮ እሰጣለሁ" ብላ በአንድ መስመር ሰውየውን ታንበረክካለች። ሱፍዋን እጇን ነክቶ ቢሆን ኖሮ አብዱልሀኪም ክሪኩን ተሸክሞ በእግሩ አዳማ ይገባ ነበር። የተወሰደበት ግን እጅ አይደለም፤ ቀልዷ ነው። የሚስት ቀልድ የወሰደ ሰው በየትኛው ቀበሌ ይከሰሳል?

"ይቺን ደግሞ ይዝለሏት" አለች ሳምራዊት ድንገት።

"የቷን?"

"የጎማዋን።"

ማውዙን ከእጇ ነጠቀ። ሱፍዋን መኪናው ለምን እንደዘገየ ጠይቋል። ራቢዓ እንዲህ መልሳለች፦ "ጎማ ፈንድቶበት ባለቤቴ ጋ ነው። ጎማው በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ ወሬው ግን ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፣ ሾፌሩ ሳይሰማ አይለቀቅም። ወደ ማታ ጠብቀው።"

"እንዲህ ያለ ባል ያለበት ቤት ሬዲዮ አያስፈልገውም" ይላል ሱፍዋን።

"ሬዲዮ እኮ መዝጊያ አለው" ትላለች ራቢዓ።

ሳምራዊት ሳቋን ወደ ሳል ለመለወጥ ታገለች፤ አልተሳካላትም። አብዱልሀኪም ተነሳ። ቤቱ ጠበበው።

"አጥፊው።"

"ምኑን?"

"የሰውየውን ስም፣ ደብዳቤውን፣ ሁሉንም። ሌላውን ተዪው።"

"እኔ የደንበኛ ዕቃ አላጠፋም፣ ጋሼ።"

"እሷ ናት አጥፋ ያለችኝ።"

ሳምራዊት ስልኳን አነሳች። "እንግዲያው ማውዙ ያው እጅዎ ላይ ነው። እኔ ውኃ ልጠጣ ወጣሁ።"

ብቻውን ቀረ። ጣቱ የግራሶ ጥቁረት ያለው፣ ማውዙን ከነጠረጴዛው የሚሸፍን ጣት ነው። ስክሪኑ "እርግጠኛ ነህ?" ሲል ጠየቀው። አብዱልሀኪም በዕድሜው እርግጠኛ ያልሆነበት ነገር ስላልነበረ ይህን ጥያቄ ለምዶት አያውቅም። ተጫነው። አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ጠፉ።

ሱቁ ሲመለስ ቀለል ያለው መሰለው። የአንድ ኤፍኤስአር ጎማ ፈታ፤ ለሾፌሩም ሳያወራለት መልሶ አሰረለት። ሾፌሩ "አሞሃል እንዴ?" ብሎት ሄደ።

ዙህር ሰግዶ ሲወጣ እትዬ ጠይባ ከባጃጅ ወረዱ። ከማኅበሩ ሴቶች በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው፤ ምላሳቸውም ቢሆን ከዕድሜያቸው አይተናነስም።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አንተ ወሬኛ።"

"ወአለይኩም ሰላም፣ እትዬ። ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም። ይዘህ መጣህ?"

"ምኑን?"

"የአዳማውን ሰውዬ አድራሻ ነዋ። ራቢዓ መጋዘኑ ደጃፍ ሰብስባን 'አትጨነቁ፣ አብዱልሀኪም ሱቁን ዘግቶ ራሱ ሄዷል፤ ሳያመጣው አይመለስም' አለችን። ሴቱ ሁሉ ዱዓ ሲያደርግልህ ነው የዋለ።"

አብዱልሀኪም እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ አጠፈው፣ ዘረጋው። "ራቢዓ እንዲህ አለች?"

"አለች። እኔማ 'እሱ ሳያወራ ይሠራል?' ብያታለሁ። 'ዛሬ ይሠራል' አለችኝ።"

"ደላላውስ?"

"ጠዋት ሊያይ መጥቶ 'እርጥብ ነው' አለ፣ ከረጢቱን ሳይፈታ። ራቢዓ ፊቱ ነክሳ ቀጭ አድርጋ አሰማችው፤ እሱ የሚሰማው የኪሱን ድምፅ ነው። ከአዳማ ዛሬ መልስ ካልመጣ ነገ ጠዋት በሰጠው ዋጋ ይጭነዋል። የእኔ ስምንት ኩንታል የልጄ የፋዲላ የኮሌጅ ክፍያ ናት፤ ታውቃለህ።" ባጃጁ ውስጥ እየገቡ ዞር አሉ። "ዛሬ ምነው ዝም አልክ? ደግ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ሂድ።"

ሄዱ። ጎሚስታ በሙያው የሚያፍርበት አንድ ነገር አለ፤ ሚስማሩን ሳያወጣ በላዩ መለጠፍ። እንዲህ ያለ ጎማ ሱቁን ሲለቅ ደህና ይመስላል፤ ጀውሃ ሳይደርስ ግን ይተነፍሳል። አብዱልሀኪም ይህን ሥራ የሠራ ተለማማጅ አባርሮ ያውቃል። ሱቁን ዘጋ።

"ሳምሪ፣ ያጠፋሁት ይመለሳል?"

"ያጠፉት ያወጣሁትን ቅጂ ነው። ዲስኩ ላይ አሁንም አለ።"

"አልሀምዱሊላህ።"

"ይቆዩ። ዲስኩ አርጅቷል፤ አንዴ የሠራው በስንት ልመና ነው። ሁለተኛ ጊዜ ይችል አይችል አላውቅም።"

"ለራቢዓ ደውለሽላት ነበር?"

ሳምራዊት ኬብሉን ሰካች። "ውኃ ልጠጣ ስወጣ። 'ተይው፣ ራሱ ያመጣዋል' አለችኝ።"

አብዱልሀኪም ያችኑ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። ጠረጴዛውን አልተደገፈም። መቶኛው ሲጨምር "ገና ነው?" ብሎም አልጠየቀም። ሃምሳ ላይ ሲደርስ ዲስኩ ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

"ደርቋል ማለት ነው?" አለ፣ ሳያስበው።

"እየሞተ ነው ማለት ነው" አለች ሳምራዊት።

ስድሳ ሁለት ላይ ብረቱ አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ጸጥ አለ። ሳምራዊት ነቀለችው፤ ሰካችው፤ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ከዚያ የወጣውን ቆጠረች። የሱፍዋን አድራሻ ተርፏል። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ደብዳቤ የተረፈው ግን ሰባ ነው።

"ሌላ ዘዴ የለም?"

"የለም፣ ጋሼ።"

ወረቀት ጠየቃት። አድራሻውን በራሱ እጅ ገለበጠ፤ ከተራራ ማዶ የሚነበብ ትልልቅ ፊደል አድርጎ፣ አንድ ነጥብ እንዳይሳሳት ሦስት ጊዜ እያመሳከረ።

ራቢዓ አሥር ሰዓት ላይ ገባች። ሒጃቧ ላይ የማሾ ገለባ ነበር። እጇን ዘረጋች፤ ወረቀቱን ሰጣት።

"አጥፍቼው ነበር" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ደብዳቤዎቹ ሁሉም አልተመለሱም። ሰባ ናቸው የተረፉት። ዲስኩ ሞተ።"

ይህን አላወቀችም ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሳምራዊት አንድ የተበላሸ ስልክ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ራቢዓ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ሄደችበት። ፊቷ የሞላ ቤቱን ባዶ ያገኘ ሰው ፊት ሆነ። ከሽሽት የተመለሱ ቀን ለወርቁ እንኳ እንዲህ አልሆነችም።

"የጠጠሯ አለች?"

"የለችም።"

"የሬዲዮውስ?"

"እሷማ አለች" አለ አብዱልሀኪም። "እሷ ትጠፋለች?"

ራቢዓ ልትስቅ ከጀለች፤ ተወችው።

"ወርቅሽን ትተሽ ይህን ይዘሽ ሮጥሽ" አላት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ወርቁን የገዛኸው አንተ ነህ። አላህ ካለ መልሰህ ትገዛለህ። ይህን አራት ዓመት ያከማቸሁት እኔ ነኝ። 'ደርቋል' ስላቸው ሳያዩ ያመኑኝ ሰዎች ናቸው። የትኛው ሱቅ ነው ይህን የሚሸጥልኝ?"

"ለእኔ ግን እንደዚያ ቀልደሽልኝ አታውቂም።"

ዞራ አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለው ነበር።

"መች ፋታ ሰጠኸኝ? እኔ አፌን ልከፍት ስል አንተ ደብረ ሲና ደርሰህ ትመለሳለህ።"

አብዱልሀኪም መልስ ነበረው። አንድ አይደለም፣ ሦስት፣ ሦስቱም ሸዋሮቢትን ከዳር እስከ ዳር የሚያስቁ። ምላሱ ጫፍ ላይ ተሰለፉ። ራቢዓ ወደ ስክሪኑ ተመለሰችና ወረቀቱን ፊቷ ዘርግታ ለሱፍዋን መጻፍ ጀመረች፤ ሁለት መስመር ጻፈች፤ አሰበች፤ ጨመረች።

የተቀመጠበት ወንበር ከኋላዋ ነበር። አንገቱን ትንሽ ቀና ቢያደርግ እያንዳንዱን ፊደል ያነብ ነበር።

ተነሳ። ወንበሩን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ወሰደው፤ ጀርባውን ለስክሪኑ፣ ፊቱን ለአስፋልቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ፀሐይ ጉልበቱ ላይ ወጣች። መኪና ይቆጥር ጀመር። አንድ ሲኖትራክ፣ ሁለት ተሳቢ፣ ሽንኩርት የጫነ ኤፍኤስአር። ሰባተኛው ሲያልፍ ራቢዓ ከኋላው ሳቀች፤ አጭር፣ የራሷ የሆነ ሳቅ፣ የጻፈችው ነገር ያሳቃት ሰው ሳቅ። ሆዱ ውስጥ ያለው ሚስማር ተንቀሳቀሰ።

አልዞረም። ምን ጻፍሽ አላለም። ስምንተኛው መጣ። የኋላ ቀኝ ጎማው ነፋስ አንሶት ነበር፤ እሱ ግን ራቢዓ ጽፋ እስክትጨርስ ከወንበሩ አልተነሳም።